ከሞጆ የመጣችው ቁጥር

ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት አጥሩን አደሰ። በየማእዘኑ ያቆማቸው ምሰሶዎች ከባቡር ሐዲድ ሥር የወጡ አሮጌ እንጨቶች ናቸው፤ ከየት እንዳመጣቸው እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ። ከቀትር በኋላ የናዝሬት ፀሐይ ሲያርፍባቸው የተቀቡት ቅጥራን መላብ ጀመረና ሽታው እኔ በረንዳ ድረስ መጣ። ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ከውስጥ ብቅ ብላ፣ «አባባ፣ ይሄ ሽታ ራስዎን አያምዎትም? ወንበሩን ወደ ውስጥ ላስገባልዎ?» አለችኝ። «ተይኝ፣ እዚሁ ይሻለኛል» አልኳት። እሷ የምታውቀው ራስ ምታትን ነው። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። ያ ሽታ የለገሃሩ ሽታ ነው፣ ለገሃሩ፣ የባቡር ጣቢያው ማለቴ ነው፣ በሕይወቴ ከሁሉ በላይ የቀናሁበት ቦታ ነው። ቅናት ከጉልበት ጋር አብሮ ይደክማል የሚሉ ሰዎች በደንብ ቀንተው አያውቁም። እኔ ጥርሴ ረግፏል፣ ዓይኔ ፈዟል፣ ቅናቴ ግን ድንጋይ ያኝካል።

ያን ጊዜ ከተማዋን አዳማ ነበር የምንላት፤ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም። ከተማ ማለትም ማጋነን ነው። አንድ ቆርቆሮ ለበስ ጣቢያ፣ ከፊቱ አራት ትልልቅ ግራሮች፣ ከግራሮቹ ማዶ የአንድ የመናዊ ሱቅ፣ ከሱቁ ቀጥሎ የአንድ ግሪክ መጠጥ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ አቧራና ቁልቋል። የመናዊው ተምር፣ አቡጀዲ፣ ክብሪትና ስኳር ይሸጣል፤ ስኳሩ እንደ ሾጣጣ ድንጋይ ሆኖ በሰማያዊ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው፣ በመዶሻ ነው የሚሰበረው። አንድ ጠገራ ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በግ እየጎተተ፣ መልሱን በአሞሌ ጨው ተሸክሞ ይመለስ ነበር። ግሪኩ ሸክላ የሚያዘፍን ሣጥን ነበረው፤ ቀንዱ እንደ ዱባ አበባ የተከፈተ። የማናውቀው አገር ሴት በማናውቀው ቋንቋ ስትጮህ እኛ ደጁ ላይ ቆመን እንሰማለን፣ ለመግባት ግን ጫማ ያስፈልጋል። እኔ ጫማ አልነበረኝም፣ ኮት ግን ነበረኝ። አንድ አርመን ልብስ ሰፊ የሰፋልኝ ባለ አራት ኪስ ካኪ ኮት። በዚያ ቃጠሎ ከጠዋት እስከ ማታ ቁልፉን ሁሉ ቆልፌ እለብሰው ነበር። ዛሬ ወጣቶቹ በሙቀቱ ሲያማርሩ ስሰማ ያ ኮት ትዝ ይለኛል።

ኮቱን ያገኘሁት በሥራዬ ነው። ከቡልጋ የወረድኩት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሆኜ ነበር፤ የኔታን ተከትዬ። የኔታ የባሕረ ሐሳብ አስተማሪዬ ነበሩ፤ ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚሰላበትን ትምህርት ማለቴ ነው። የዓለምን ዓመት ሁሉ ወስዶ በአሥራ ዘጠኝ መግደፍ፣ ማለት እየከፈሉ መጣል፣ የተረፈውን መያዝ፣ ከተረፈው አንድ መንሳት፤ ያ አንድ የሚነሳው የያዝነው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ ነው። ይህን በቃሌ ስለማደርግና የፈረንጅ አኃዝም ስለለቀምኩ የጣቢያው ሹም፣ ሙሴ እንለው የነበረው ፈረንጅ፣ የሚመጡትንና የሚሄዱትን ፉርጎዎች ቁጥር እንድመዘግብ ቀጠረኝ። በእያንዳንዱ ፉርጎ ጎን ቁጥሩ በነጭ ቀለም ተጽፏል። እሱን አይቼ እጽፋለሁ፣ ሌላ ሥራ የለኝም። ባቡሩ ደግሞ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ብዙ ይቆማል።

ጨዋታው የተጀመረው እንዲህ ባቡሩ ውሃ ሲጠጣ ነው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እኔ ነኝ ብል ደስ ባለኝ። ከፉርጎዎቹ አንዱ ይመረጥና ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከዚያ ተሸካሚው፣ ነጋዴው፣ መንገደኛው ግራሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ ያስባል። ቁጥሩን «መስበር» ነው ሥራው፤ አንዳች ሳይተርፍ እኩል እኩል የሚከፍለውን ማግኘት። ለሁለትና ለአምስት መክፈል የልጅ ነው፣ ማንም አያጨበጭብለትም። ሰባትን፣ አሥራ አንድን፣ አሥራ ሦስትን ያገኘ ግን ብርዝ ይቀዳለታል። በምንም የማይከፈለውን ቁጥር «ደረቅ» እንለዋለን፤ ደረቅ ነው ብሎ ቀድሞ የተናገረና ያላፈረም ይቀዳለታል። ለሁለት ዓመት ያህል የዚያ ግራር ንጉሥ እኔ ነበርኩ። ባቡሩን ውሃ የሚያጠጣው ጋሽ ሞላ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፣ ገና ስመጣ ሲያየኝ፣ «ተነሱ፣ ተነሱ! የቁጥር መጥረቢያ መጣ!» ይላል። ሰዉ ይስቃል። እኔም የኮቴን ቁልፍ አስተካክዬ በርጩማዬ ላይ እቀመጣለሁ። በርጩማ የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጫልቱ ወተት ሻጭ ነበረች። ከወንጂ በኩል በማለዳ ትመጣለች፣ ወተቷን በቅል ይዛ፣ በቅሉ አፍ ላይ ሣር ጎንጉና። አንድ ጣሳ በሁለት ቤሳ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ ነበረች፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ሲቸግራት ብቻ ኦሮምኛውን ጣል ታደርግበታለች። ብዙ ወር ግራሩ ጫፍ ላይ ቆማ ስትሰማን ልብ አላልኳትም፤ ወተት ሻጭን ማን ልብ ይላል? አንድ ቀን የተመረጠው ፉርጎ ሁለት ሺህ አርባ ሰባት ነበር። በሰባት ገደፍኩ፣ ተረፈ። በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት፣ በአሥራ ሰባት፣ በምወደው በአሥራ ዘጠኝም ገደፍኩ፣ ተረፈ። «ደረቅ!» አልኩ። ብርዙ ተቀዳ። የብርዙን ዋንጫ ወደ አፌ ሳስጠጋ ከጀርባ፣ «ኦቦ ወልዴ፣ ደረቅ አይደለም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ሃያ ሦስት በረት አለው። በያንዳንዱ በረት ሰማንያ ዘጠኝ ሎን ይገባል። ጊደር አይተርፍም።» ሰዉ ዞሮ አያት። እኔ መሬት ላይ በጭረት አባዛሁት። ሃያ ሦስት ጊዜ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ አርባ ሰባት። ብርዙን ጋሽ ሞላ ከእጄ ወስዶ ሰጣት። እሷ ግን አልጠጣችውም፣ «ለሽማግሌ ስጡ» ብላ ቅሏን አንስታ ሄደች። ብትጠጣው ኖሮ ምናልባት ያን ያህል አልቃጠልም ነበር።

ሎን ከብት ነው፤ ጊደር የምትለው ትርፉን ነው። አባቷ ብዙ ከብት ነበራቸው። ከብቱን አዋሽ ሲያወርዱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገብቶ እንዳይረጋገጥ እኩል እኩል ተከፍሎ በተራ ነው የሚጠጣው፤ ከመደቡ የጎደለች ወይም የተረፈች ጊደር ከሌላው ጋር ትዋጋለች፣ ትጠፋለችም። የመክፈሉ ሥራ ከልጅነቷ የጫልቱ ነበር። ስለዚህ ቁጥር ስትሰማ የምታየው ከብት ነው። ዓይኗን ትጨፍንና ጣቷን ቅሉ ላይ ቀስ አድርጋ ትመታለች፣ በረት ትከፍታለች፣ በረት ትዘጋለች። አንድም ፊደል አታውቅም። ፉርጎው ላይ የተጻፈውን ሁልጊዜ እኔን ነው የምትጠይቀኝ፤ «ኦቦ ወልዴ፣ ምን ይላል?» እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሰብራለች። አስቡት፤ ዓይኑ እኔ ነኝ፣ ብርሃኑ የሷ ነው። ከወር በኋላ ሰዉ ፉርጎውን ትቶ የሷን አፍ መጠበቅ ጀመረ። በርጩማዬን አንድ ቀን መጥቼ ሳየው እሷ ተቀምጣበታለች፤ ጋሽ ሞላ ነው ያስቀመጣት። «አንተ ወንድ ነህ፣ ቁም» አለኝ። ቆምኩ።

ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት የየኔታን ነው። የኔታ አንድ ቀን ወደ ሞጆ ሊሄዱ ባቡር ሲጠብቁ ሰሟት። አንድ ቁጥር ሰጧት፣ ሰበረች። ሌላ ጨመሩባት፣ ደረቅ ነው አለች፣ እውነትም ደረቅ ነው። የኔታ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ብዙ አዩአትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ወልዴ፣ አንተን ስድስት ዓመት አስተማርኩህ። ይህች ልጅ ስድስት ወር ብትቀመጥልኝ የት በደረሰች» አሉ። በስድስት ዓመት አንድ ቀን «ጎበዝ» ብለውኝ አያውቁም ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ተኝቻለሁ፣ ግን ጥርሴን እያፋጨሁ። ደግሞ፣ ልናገረው፣ ወድጃትም ነበር። የምትመጣበትን መንገድ ከሩቅ አያለሁ፣ ነጠላዋን ካየሁ ልቤ ይደልቃል። አፏን ስትከፍት ደግሞ ያው ልብ ይከስላል። አንድን ሰው መውደድና በዚያው ሰው መቅናት አንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ምራት ነው፤ ቤቱ አይበርድም።

የሞጆ ጣቢያም የራሱ ጨዋታ ነበረው። የኛን ሲሰሙ ቁጥር በወረቀት ጽፈው በባቡሩ ተቆጣጣሪ እጅ ይልኩልን ጀመር። መልሱ በሚመለሰው ባቡር መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ ወይም ከተሳሳተ የተሸነፈው ጣቢያ ለአሸናፊው በግ ይልካል። የሞጆው ጸሐፊ የሚጽፈው በግዕዝ አኃዝ ነው፣ በአዳማ ለገሃር ያን የሚያነብ ደግሞ ከኔ በቀር የለም። ሦስት ቁጥር ላኩ፣ ሦስቱንም ጫልቱ ሰበረች፣ ሦስት በግ በላን። መልሱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ከታች «አዳማ» ብዬ ብቻ እፈርማለሁ። ወሬው ግን ከወረቀቱ ይቀድማል፤ በሞጆም፣ አሉኝ፣ ስለ አዳማዋ ወተት ሻጭ ነው የሚወራው። ከዚያም አልፎ የጣቢያው ሹም ሚስት፣ ፈረንጇ፣ ወተት ከሌላ አልገዛም አለች። መንገደኛ ሁሉ ከጫልቱ ካልጠጣ ባቡር አይሳፈርም። በቁጥሯ የተነሳ ወተቷም ከበረ።

አራተኛው ወረቀት የመጣው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ሜዳው ሁሉ አደይ ለብሶ ነበር። ተቆጣጣሪው ሰጠኝ፣ ከፈትኩት። አምስት ሺህ አርባ አንድ ይላል። ጫልቱ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣ፣ «ኦቦ ወልዴ፣ ምን ይላል?» አለች። ሃያ፣ ሠላሳ ሰው ከቧታል። ከሰዉ መሀል አንድም ዓይን እኔን አያይም። መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዷን ምልክት፣ ያችን ፩፣ አውራ ጣቴ ሥር አደረግኋትና፣ «አምስት ሺህ አርባ» ብዬ አነበብኩ።

ጫልቱ ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው ደግሞ ሳቀች፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «ይቺማ ደግ ናት!» አለች። «የሁሉም ናት። ለሁለት ትከፈላለች፣ ለሦስት ትከፈላለች፣ ለአራት፣ ለአምስት፣ ለስድስት፣ ለሰባት፣ ለስምንት፣ ለዘጠኝ፣ ለአሥር። ማንንም ባዶውን አትሸኝም። ሞጆዎች ምን ነካቸው፣ ሠርግ ደገሱልን እንዴ?» ሰዉ አጨበጨበ። እውነቷን ነው፤ አምስት ሺህ አርባ እንዲህ ያለች ቁጥር ናት፣ ከአንድ እስከ ሰባት ያሉትን አንድ በአንድ እያባዛችሁ ብትሄዱ እሷ ላይ ነው የምትደርሱት። ያነበብኩላት ግን የሞጆን ቁጥር አልነበረም። መልሱን ጻፍኩ። ሁልጊዜ «አዳማ» ብዬ የምፈርመው ሰውዬ ያን ቀን «ይህን ያለችው ጫልቱ ናት» ብዬ ጻፍኩበት። ወረቀቱን ረጋ ብዬ አጥፌ ለተቆጣጣሪው ሰጠሁት። ይህን የምለው እንዳታዝኑልኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ባቡሩ ሲመጣ ተቆጣጣሪው ገና ሳይወርድ ከበሩ ላይ ሆኖ ይስቃል። «በአንድ የምታልቅ ቁጥር ለሁለት የከፈለች ሴት የትኛዋ ናት?» አለ። ከሞጆ የላኩትን ግጥምም እዚያው ዘፈነው፤

የአዳማዋ ወተት ውሃ በዝቶበታል፣
ቁጥሩም ተከትሎ ቀጥኖ መጥቶልናል።

ሰው ሲያጨበጭብም ሲስቅም አንድ ዓይነት ፊት ነው ያለው። እነዚያው ሠላሳ ሰዎች እኔ ያነበብኩትን ቁጥር ረስተው ሳቁ። ጋሽ ሞላ ብቻ አልሳቀም። ጫልቱ ቆማ ሰማች። ቀልዱ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። በማግስቱ ፈረንጇ ወተቱን በጣቷ እየነካች መለሰች። መንገደኛው «ይቺ ናት ውሃ የምትጨምረው?» እያለ ያልፋል። ወተት ሻጭ ከስሟ በቀር ምን አላት? በሳምንቱ ጫልቱ ሙሉ ቅሏን ተሸክማ መጥታ ሙሉውን ይዛ ስትመለስ አየሁ። እኔ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ። ተመልሶልኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት ባቡር በሌለበት ቀን መጣች። ብቻዬን ነበርኩ። «አካም ቡልቴ» ብላ ሰላምታ ሰጠችኝና ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች። «ተቆጣጣሪው በአንድ የምታልቅ ቁጥር አለ። አንተ ያነበብክልኝ በአርባ የምታልቅ ነው። አንዷ ጊደር የት ሄደች፣ ኦቦ ወልዴ?» አለች። ያን ጊዜ ነው ባሕረ ሐሳብ የጠቀመኝ። እኛ ዘንድ፣ አልኳት፣ ካልተፈጸመው ዓመት አንድ መንሳት ልማድ ነው፤ ጠዋት የበዓላትን ስሌት ስሠራ አርፍጄ ምላሴ በልማድ አንዱን ነሳው። እንዲህ ያለ ስህተት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ እንጂ ሌላ ሰው አይሠራውም፣ ስለዚህ የሚያዳምጥ ያምናል። ዓይን ዓይኔን አየች። «ዓመትና ፉርጎ አንድ ነው እንዴ?» አለች። «ልማድ ነው» አልኩ። «ልማዱ ክፉ ነው» አለች። ከዚያ አቧራው ላይ በጣቷ ሥዕል ጀመረች።

«ሰባት ሌሊት ፈልጌ አገኘኋት» አለች። «በትንንሹ ሁሉ አትከፈልም፤ በሁሉም አንዷ ጊደር ትተርፋለች። ስለዚህ ትልቅ በረት ሠራሁ፤ ሰባ ረድፍ፣ በየረድፉ ሰባ። አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ገቡ። መቶ አርባ አንድ ውጪ ቀሩ። ሰባውን በዚህ ጎን አቆምኩ። ሰባውን በዚያ ጎን አቆምኩ። ማእዘኗ ላይ የአንዲት ጊደር ቦታ ባዶ ቀረች፣ የቀረችውም አንዲት ጊደር ናት። ገባች። ሰባ አንድ በሰባ አንድ። ሌላ ምንም አይከፍላትም፣ ሰባ አንድ ብቻ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ለሞጆ ጻፍልኝ። ግን በስሜ ጻፍ። በስሜ ነው ያፈርኩት።» እሺ አልኳት። በነገታው ባቡር ጻፍኩ። «ሰባ አንድ በሰባ አንድ፤ ይህን የሰበረው ወልዴ ነው» ብዬ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኔን ግን ለጥቂት ወራት አድምቆኛል። ሞጆዎች ዘግይቶም ቢሆን ተሰብሯል ብለው ላስረከብነው በግ ምትክ ላኩ፣ አረድን። ጋሽ ሞላ «ምቀኛ አታሳጣኝ በል፣ ወልዴ፣ አሁን የሚቀናብህ ብዙ ነው» እያለ ጠጁን ቀዳልኝ። የኔታ ሰምተው «ጎበዝ» አሉኝ። ስድስት ዓመት የጠበቅኋት ቃል አፌ ውስጥ እንደ ኮሶ ነበረች። ጫልቱ በዚያ ቀን በመንገዱ ማዶ ቆማ ስታየን አየኋት፤ ቅል አልያዘችም። ከዚያ በኋላ ለገሃር አልመጣችም። ወደ አርሲ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ተድራለች ሲሉ ሰማሁ። ጨዋታው እስከ ዝናብ እንኳ አልዘለቀም፤ ሰዉ አንድ ጊዜ የሷን ከሰማ በኋላ የኔ በሰባትና በአሥራ አንድ መግደፍ ጣዕም አጣበት። ከዚያ ደግሞ ያ ክፉ የጣሊያን ጊዜ መጣ፤ ባቡሩ የሚያመጣው ሌላ፣ የሚወስደው ሌላ ሆነ። እሱን ሌሎች ጽፈውታል። እኔ ስለዚያ ዘመን ስጠየቅ የማስበው ያችን ከአውራ ጣቴ ሥር ያለች ምልክት ነው። ዛሬ ግራሮቹ የሉም። አስፋልት ላይ የጋሪ ፈረሶች ተሰልፈው ይቆማሉ፣ የመናዊው ሱቅ የነበረበት ላይ ፎቶ ቤት አለ። ሸክላ የሚያዘፍነው ሣጥንም ቢሆን አንድ ሆቴል መግቢያ ላይ ለጌጥ ተቀምጦ አይቼዋለሁ፤ ይዘፍናል ብዬ ቆሜ ነበር።

ሚስት አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ እህል ንግድ ጀመርኩ። ለሰው ስለ ጫልቱ ካወራሁ ሁልጊዜ «በልማድ ተሳስቼ» እል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ስለው እኔም ማመን ቃጥቶኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ፀጉሬ መሸበት ሲጀምር፣ ስንዴ ልገዛ አርሲ ነገሌ ወረድኩ። በጭነት መኪና፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጬ። ገበያው መሀል አንዲት ጠና ያለች ሴት ጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ጥቁር ሻሽ፣ አንገቷ ላይ ትልልቅ ጨሌ። ነጋዴዎች እየመጡ ያላቸውን ኩንታልና የገዢውን ብዛት ይነግሯታል፣ እሷ ሳትጽፍ ትከፍልላቸዋለች። በጣቷ ጉልበቷን ትመታለች። ጣቷን ሳይ እግሬ ቆመ።

«ወልዴ ነኝ» አልኳት። «አውቄሃለሁ» አለች፤ «ኮትህ የት ሄደ?» አስቀመጠችኝ፣ እርጎ አስመጣችልኝ። ስለ ልጆች ተጠያየቅን፤ አምስት ወልዳለች፣ ባሏ በሕይወት አለ። እርጎውን አስቀመጥኩትና፣ «ጫልቱ፣ ያ ልማድ አልነበረም። ቀንቼብሽ ነው። አንዷን አይቻት ነው የሸፈንኳት። በኋላም ስምሽን የሰረቅሁት እኔው ነኝ» አልኩ። ሃያ ምናምን ዓመት የተሸከምኩት በአንድ ትንፋሽ አለቀ። እሷ ጨሌዋን እየነካካች ሰማችኝ።

«ያኔውኑ አውቄ ነበር» አለች። «ምላስ ሲሳሳት ዓይን አይሸሽም። ተናድጄ ነበር። ሁለት ክረምት አልቅሻለሁ፣ ረግሜሃለሁም፣ ልንገርህ። ኋላ ግን ተውኩት።»

«ይቅር አልሽኝ?»

«ይቅር ካልኩህማ ቆየሁ። አመሰግንሃለሁ» አለች፣ እየቀለደች መስሎኝ ነበር። አልቀለደችም። ከጆንያው ጥቂት የስንዴ ፍሬ ዘግና መሬቱ ላይ ደረደረች። «አንተ ባትዋሸኝ አምስት ሺህ አርባ አንድን ብቻ እሰብር ነበር፣ አልቆ ነበር። አንተ ግን ሁለቱን ሰጠኸኝ። አምስት ሺህ አርባ የሁሉም ናት፤ አንዲት ጊደር ስትጨመርባት የማንም አትሆንም፣ እኩል በእኩል የሆነ በረት ትሆናለች። ይሄ እንዴት ሆነ ብዬ አሰብኩ። ወደ ኋላ ተመለስኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራትን አባዛ፤ ሃያ አራት። አንድ ጨምር፤ ሃያ አምስት፣ አምስት በአምስት። እስከ አምስት አባዛ፤ መቶ ሃያ። አንድ ጨምር፤ አሥራ አንድ በአሥራ አንድ። እስከ ስድስት አይሆንም። እስከ ሰባት ያቺ የሞጆዋ ናት። ሦስት እህትማማቾች ናቸው፣ ኦቦ ወልዴ። ከዚያ ወዲህ አራተኛዋን እፈልጋለሁ። ሳልብ እፈልጋለሁ፣ ልጅ ሳስተኛ እፈልጋለሁ። እስከ አሥር ሄጃለሁ፤ አሥር ሺውን አንድ እልፍ ብዬ ስቆጥር፣ ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት እልፍ ከስምንት ሺህ ስምንት መቶ አንድ። ይህን ለመድረስ አንድ በጋ ፈጀብኝ። አሥራ አንድ ይከፍላታል፣ ግን በረቷ እኩል በእኩል አይሆንም። አንተ የተማርክ ነህ፤ አራተኛዋ የት አለች?»

አላውቅም አልኩ። ኋላ የትምህርት ቤት ሒሳብ አስተማሪዎችን ጠይቄ ነበር፤ አንዱ ሦስት ቀን ይዞት ከርሞ ወረቀቱን ባዶውን መለሰልኝ። ያን ጊዜ ግን ስለ መልሱ አላሰብኩም። ፍሬዎቹን እያየሁ የማስበው ሌላ ነበር። ያን ቀን በአዳማ ለገሃር ሁለቱንም ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዱ ወረቀቱ ላይ፣ አንዱ አፌ ላይ። ጎን ለጎን ላቁማቸው የሚል ሐሳብ አንድም ጊዜ አልመጣልኝም፣ በዚያን ቀንም፣ በሃያ ምናምን ዓመትም። የሰረቅሁባት ነገር እንኳ እሷ ዘንድ ሲደርስ ሀብት ሆነ። ይቅርታ ልለምን ከወረድኩበት ገበያ መሀል፣ ይቅር ካለችኝ ሴት ፊት ለፊት፣ ያ አሮጌ ቅናት ፊቴ ላይ ሲወጣ ተሰማኝ።

ጫልቱ ጎንበስ ብላ አየችኝ። «ምነው፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለች።

«ፀሐዩ ነው» አልኳት።